ቤተሰብ ማለት

“አንድ ድስት፣ ሦስት በር! ታዲያ ስንት ቤተሰብ ብዬ ልጻፍ?” አለ ቆጣሪው ጥሩነህ፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ እየሰካ።

የሺእመቤት ወደ ሦስቱ በሮች ተመለከተች። በመንግሥት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኮልፌን የሚቆጥሩትን ልጆች የምትመራው እሷ ናት። ተወልዳ ያደገችውም እዚያው ስለሆነ አሁን የቆሙበትን ግቢ በደንብ ታውቀዋለች። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ሰርኬ የቅቤ ነጋዴ ናቸው። በአንደኛው ክፍል እሳቸው፣ በሁለተኛው የእህታቸው ልጅ ጉዲቱ፣ በሦስተኛው ሸማኔው ሰብስቤ ያድራሉ። ማዕዳቸው ግን አንድ ነው።

“እትዬ ሰርኬ፣ ባለፈው ቆጠራ ስንት ተብላችሁ ተጻፋችሁ?” አለች የሺእመቤት ወደ ሴትዮዋ ዞራ።

“እኔ ምን አውቄ የኔ ልጅ! ያኔ የመጣው ጎረምሳ አፉንም አልከፈተ። በር በሩን እየቆጠረ በኖራ ምልክት አድርጎ ሄደ። የከሰል ቤቴን ሳይቀር ቆጥሮልኛል!”

ሴትዮዋ ሲስቁ የሺእመቤት ደንገጥ አለች። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳት ነገር ተፈታላት። ኮልፌ በየቀኑ አዲስ ጣሪያ እየተመታ፣ የዘንድሮው የቤተሰብ ቁጥር ግን ካለፈው በጣም አንሶባት ነበር። ለካስ ያኔ የተቆጠረው በር ነው፤ ዘንድሮ ድስት። ወረቀት ላይ ሁለቱም “ቤተሰብ” ይባላሉ። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ አዲስ የውሃ ቦኖ የሚተክለው ሕዝብ ለበዛበት ሰፈር ነው። ኮልፌ ቀነሰ ከተባለ ሴቱ እንስራ አዝሎ ወንዝ መውረዱን ይቀጥላል።

የመምሪያው ኃላፊ አቶ ገብረአምላክ ነገሩን በጥሞና አዳመጧት።

“ታዲያ እንደ ድሮው በሩን ቆጥረን እንስጣቸዋ። የሰፈርሽም ሰው ውሃ ያገኛል።”

“የከሰል ቤት ውሃ አይጠጣም፣ አቶ ገብረአምላክ። በሩንም ድስቱንም እንቁጠር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እናውጣ። የትኛው ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንጻፍ።”

“ምን ነካሽ? እንዲህ ተጽፎ ያውቃል? አለቆቻችን የሚፈልጉት ቁጥር ነው። ‘እስከ ዛሬ ምን ስትቆጥሩ ኖራችሁ?’ ቢሉንስ?”

“ቢሉንም እውነታቸውን ነው። የኮልፌን ቁጥር የምፈርምበት እኔ ነኝ፤ ፍቺው ካልወጣ አልፈርምም።”

ከዚህ ደመወዝ ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ አለቃን እንዲህ ተናግሮ የሰነበተ ሰውም አላየችም። አቶ ገብረአምላክ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

“እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ ጀምሮ የአንዱ ዓመት ቁጥር ከሌላው ገጥሞልኝ አያውቅም” አሉ። “ጻፊው። ከስምሽ ሥር እኔም እፈርማለሁ።”

በር በሩ ሲቆጠር ኮልፌ በድሮው መለኪያም አድጎ ተገኘ። በድስቱ ደግሞ ስንት ጉሮሮ ውሃ እንደሚጠብቅ ታወቀ። ሪፖርቱ ማዘጋጃ ቤት ገባና ክረምቱ ሳይጠና ከገበያው በታች አዲስ ቦኖ ተተከለ። የመጀመሪያው ውሃ ሲወርድ ወይዘሮ ሰርኬ ወረፋውን ትተው፣ “የኛው ልጅ እኮ ናት ያስቆጠረችን!” እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ አወሩ። የሺእመቤት ከርቀት ሰምታ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ ሳቋ ግን አልተደበቀላትም።

ከዚያ ወዲህ የቃሎቹ ፍቺ ሳይጻፍ ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ መጠይቅ ቀረ። ማዘጋጃ ቤትም፣ “የሌሎቹም ሰፈሮች ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገለጽልን” ሲል ጠየቀ። አንድ ጠዋት አቶ ገብረአምላክ አስጠሯት።

“አዲስ ክፍል ተፈቅዶልናል። የምንቆጥረውን ነገር ሁሉ ፍቺ የሚጽፍና የሚጠብቅ። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ከየትኛው ቃል ትጀምሪያለሽ?”

“‘ሥራ’ ከሚለው” አለች ሳታመነታ። “ጉዲቱ ቀኑን ሙሉ ለሸማኔ ጥጥ ስትፈትል ትውላለች። ሥራሽ ምንድነው ስትባል ‘ሥራ የለኝም’ ብላ መለሰች። እንደሷ ያለው ስንቱ ይሆን?”

አቶ ገብረአምላክ ፈገግ አሉና ከውጭ አገር የመጣ ወፍራም መጽሐፍ አቀበሏት።

“የሌላው አገር ሰው ‘ሥራ’ን እንዴት እንደፈታው እዚህ ውስጥ አለ። ከሱ ገልብጪ።”

አመስግና ተቀበለች። አዲሱ ጠረጴዛዋ ዘንድ ሄዳ መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ አኖረችው፤ እሱን ጉዲቱን ጠይቃ ስትመለስ ታነበዋለች። ከዚያ ደጅ ወጥታ የምታልፈውን ትንሿን ሴይቼንቶ ታክሲ በእጇ አስቆመች።

“ኮልፌ” አለች።