ሮቢ አባባን «አንተ» ሲላቸው

እርስዎ ማለትን ማስተማሩን ረስታዋለች፣ አሁን ገና ነው ትዝ ያላት፣ ሮቢ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ወደ አባቷ ሶፋ እየተንከባለለ ሳለ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ አማርኛ ስታስተምረው አንድ ቀን እርስዎ ብላው አታውቅም፣ ሮቦትን ማን ያከብራል፣ ሁለት ጎማ፣ አንድ ካሜራ፣ ከምትሠራበት መጋዘን ያመጣችው ካርቶን፣ በተገለበጠ ቁጥር የሰደበችውን ሁሉ ተምሮታል። ያ አላህ።

አጥፊው እንጂ፣ ጀውሃራ። ማጥፊያው ስልኳ ላይ ነው፣ ስልኳ ወጥ ቤት ቻርጅ ላይ።

ኸሚስ፣ ይላል ሮቢ፣ አባቷን በስማቸው። ጋሼ የለ፣ አባባ የለ። በሰፈራቸው በስኪልደርስዋይክ ያለ ሐበሻ ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ሰላም የሚላቸው የሰባ አራት ዓመት ሰው፣ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ አምስት ሳምንታቸው፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ካልተራመዱ ይደርቃል ብላለች፣ እሳቸው ግን አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ጀውሃራም እሺ አባባ፣ እንዳሉ አባባ፣ ንዴቷን እየዋጠች፣ ሮቢን ወደሳቸው የላከችውስ ለዚህ አይደል፣ በሷ ፋንታ ለስለስ ብሎ እንዲያስታውሳቸው፣ ለስለስ!

ኸሚስ፣ ተነስ እንጂ፣ ምን ይጎልትሃል?

ድምፁ የኮምፒውተር፣ ቃሉ የሷ፣ ለካ አባቷ ፊት የዋጠችው ሁሉ እዚያ ካርቶን ውስጥ ሲጠራቀም ከርሟል።

ማንን ነው? ይላሉ አባቷ፣ ይሄ ነገር ማንን ነው አንተ የሚለው? ይቅርታ አባባ፣ ስህተት ነው፣ ኮዱ ነው፣ እርስዎ ዝም ይበሉት። ሰነፍ! ይላል ሮቢ።

ከዘራቸውን ያነሳሉ፣ በቃ፣ የስምንት ወር ልፋት በአንድ ምት፣ ወጥ ቤት ሮጣ ስልኩን ይዛ ስትመለስ ሶፋው ባዶ ነው። ሮቢ የሚጠጋው ነገር ሲያይ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ይሄን እንኳ አሳምራ ነው የጻፈችው፣ እሳቸው እየተከተሉት፣ ባለጌ፣ አሳዳጊ የበደለህ፣ አሳዳጊው እሷ፣ የሷ አሳዳጊ እሳቸው፣ ኮሪደሩን ይዘው፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር አልፈው፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው፣ አትጫነውም፣ አሥራ አራት እርምጃ።

ሮቢ ጫማ መደርደሪያው ሥር ይወሸቃል። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ያለከልካሉ፣ ቆመዋል፣ መቆማቸውን ራሱ ልብ ያሉት አይመስሉም፣ እሷም ሳቋን እንደምንም ይዛ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ አባባ ትላለች፣ ከእንግዲህ እርስዎ ነው የሚልዎ።

ተይው፣ ይላሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ከዚህ ባለጌ ጋር ገና አልጨረስንም፣ ነገም ይምጣ።