ሳይታጠብ አይሰጥም

ሸዋ በር አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነፃነት ሰዎች የለገሱትን አሮጌ ላፕቶፕ እየጠገነች ኮምፒውተር ለሌላቸው ተማሪዎች ትሰጣለች። የቀድሞውን ባለቤት ፋይሎች ጠራርጎ ማጥፋትን «ማጠብ» ትለዋለች። በሩም ላይ «ሳይታጠብ አይሰጥም» ብላ ለጥፋለች። ጣጣ እንደሚያመጣባት በምን ታውቃለች!

ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡት አባባ ዘከሪያ የልጃቸውን የጀይላንን ላፕቶፕ ይዘው ሲመጡ ወረቀቱን አንብበው ቆመው ቀሩ።

«ልጄን ባሕር ነው የበላው» አሉ። «ወደ ሳዑዲ ሲሻገር። ጀናዛው አልተገኘ፣ ገላው አልታጠበ። ድምፁን እዚህ ውስጥ ቀድቶት ነበር፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት ይጠራኛል። እኔም አላረፍኩ፣ እሱም አላረፈ። ለሱ ብዬ ሰደቃ ልስጠው። ስንት ጊዜ ነው የምታጥቢው?»

«ሦስቴ ነው አባባ። ፕሮግራሙ ሦስቴ ይመላለስበታል።»

«ሱብሃነላህ! እኛም ሙታችንን ሦስቴ ነው የምናጥበው።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እንግዲያው ነገ መጥቼ እኔው አጥበዋለሁ። ወንድን ባዳ ሴት አታጥብም። እንዳትነኪው ልጄ፣ አደራ።»

እሺ አለች። እሳቸው ከወጡ በኋላ ግን ላፕቶፑ ራሱ ተናገረ።

«አባ፣ የአስር ሰላት ደርሷል! ሱቁን ዝጋና ተነሥ!»

ነፃነት ክው አለች። ሳቅ ሳቅ የሚል የወጣት ድምፅ ነው። ይኼ እንዴት ይጠፋል? ነገ ሲጸጽታቸው እሰጣቸዋለሁ ብላ ድምፁን በፍላሽ ገለበጠችው። እንዲህ ነው ደግነት ሲያቀብጥ፤ አደራ በላች።

በማግሥቱ አባባ ዘከሪያ እንደ ሰላት ታጥበው ዉዱ አድርገው፣ ነጭ ጨርቅ ይዘው መጡ። የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብለው ወለወሉ። «ቢስሚላህ» ብለው ያሳየቻቸውን ቁልፍ ተጫኑ። ሦስቱም ዙር እስኪያልቅ ከአጠገቡ አልተነሡም።

«ሌላ የቀረ የለም አይደል?»

«የለም አባባ» አለች ነፃነት።

«አልሐምዱሊላህ። አሁን ቀበርኩት።»

ላፕቶፑን ኢክራም የምትባል የነርስ ተማሪ እየሳቀች ወሰደችው። ፍላሹ በነፃነት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ልታጠፋው ስትል የሽማግሌው ቃል እጇን ይይዘዋል፤ ባዳ ሴት አታጥብም። ከዚያ ወዲህ የአስር ሰላት አዛን በተሰማ ቁጥር፣ ምንም ላይ ካልተሰካው ፍላሽ ያ ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብላ ነበር። አሁን መሳቢያውን መክፈት ትፈራለች።

ትናንት ግን አላስቻላትም። ክፍሏን ዘግታ፣ ፍላሹን ጨብጣ ጊደር መጋላ ወረደች። እውነቱን ተናግራ፣ ራሳቸው ያጥቡት ልትል ነበር። አባባ ዘከሪያን ሱቃቸውን ሲዘጉ አገኘቻቸው። ፊታቸው በርቷል፤ ወዛቸው ተመልሷል።

«ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ!» አሉ ገና ሲያዩዋት። «አሁን አይጠራኝም። እንቅልፍ እንኳ ይወስደኝ ጀመር።»

ነፃነት ፍላሹን የጨበጠ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ደህና ይዋሉ ብላ ዞረች። እስከ ሸዋ በር ድረስ መንገዱን ሁሉ ከመዳፏ ውስጥ «አባ፣ አባ» ይላታል።