የጣቢያዋ ሴት ለምን ሳቀች

«በቃ፣ ዛሬ አመሻሽ ላይ ያቺን የባቡር ጣቢያ ፊልም እናያለን። የምትተረጉምልን ደግሞ ልጁ ናት!» አለ አናጢው፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆውን መሬት ላይ እያስቀመጠ።

ለቅሶ ቤቱን የሞላው ሰው ከየአቅጣጫው «እሰይ!» «እውነትህን ነው!» «ነፍሱ ደስ ይላታል!» አለ። የሟቹ ሚስት፣ የልጅቷ እናትም፣ ከጥቁር ሻሿ ሥር ቀና ብላ «ይሁን» አለች።

ልጅቷ ግን ክው አለች። የያዘችውን ፔርሙዝ መሬት ላይ አስቀመጠች።

ከምትማርበት አገር የደረሰችው አባቷ ከተቀበረ በኋላ ነበር። እንባዋን እንኳ ገና በወጉ አላወጣችም። አሁን ደግሞ ይሄ መጣ። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ሰፈሩን ያስደሰተበት ፊልም፣ በገዛ ለቅሶው ላይ፣ በገዛ ልጁ አፍ ሊፈርስበት ነው። አባቷ የዚያን ፊልም ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም ነበርና። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብላ ታምናለች።

አባቷ ቀን ቀን ጎሚስታ ነው። የተነፈሰ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ሲመሽ እጁን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጎ ይታጠብና ከጋራዡ ጀርባ ያለችውን የፊልም ማሳያ ክፍል ይከፍታል። አሮጌ ጎማዎች ላይ ጣውላ ተጋድሞ አግዳሚ ሆኗል፤ ጣውላውን የመታው አናጢው ነው። ፊት ለፊት ቴሌቪዥኑ መደርደሪያው ላይ። ከጎኑ አባቷ ማይክሮፎኑን ጨብጦ፣ ከሥሩ እሷ። መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሁሌም አንድ ነበር። የቴሌቪዥኑን ድምጽ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል።

«እነሱ ሲንጫጩ እኔ አልሰማም!» ይላል። ሰው ይስቃል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና የውጭውን ፊልም በአማርኛ «እየተረጎመ» ሁሉንም ይሆናል። ሴት ይሆናል፣ ሕፃን ይሆናል፣ ፖሊስ ይሆናል፤ አንዳንዴም ውሻ።

ከሁሉ ፊልም እሷ የምትወደው የጣቢያዋን ነበር። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሴትዮዋ ጣቢያው ውስጥ ትመላለሳለች፤ ክረምት ያልፋል፣ በጋ ያልፋል። በመጨረሻ ባቡር ይደርሳል፣ ጭሱ ጣቢያውን ይሞላዋል፣ ሴትዮዋ ፈገግ ትላለች፤ ያልቃል። «መጣ! ያውላችሁ ወረደ! ጭሱ ነው እንጂ የከለለን!» ብሎ ይጮሃል አባቷ። ክፍሉ በጭብጨባ ይናወጣል። ልጅቷ ፊልም ልማር ያለችው ያኔ ነው።

ታዲያ አንደኛ ዓመት ላይ አስተማሪዋ ያንኑ ፊልም ይዛላቸው አትመጣ መሰላችሁ! የክፍሉ ልጆች እሷ ስማቸውን እንኳ ሰምታ ስለማታውቃቸው መጻሕፍት ሲያወሩ አንገቷን ደፍታ የከረመች ልጅ፣ ያን ቀን ገና ሳይጀመር እጇን አወጣች። «ይሄንንማ በቃሌ አውቀዋለሁ!» ብላ ከሀ እስከ ፐ ተረከችላቸው። ልጆቹ ተያዩ። አስተማሪዋ ደግ ሴት ነበረች። «ቆንጆ ፊልም ነው፤ እኛ የምናየው ግን ሌላ ነው» አለቻት በቀስታ።

መብራቱ ጠፋ፤ ድምጹ ተከፈተ። ልጅቷ ያን ፊልም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው። ሰውየው ሚስቱን ሲደበድብ የኖረ ጨካኝ ነው። ሴትዮዋ ጣቢያ የምትመላለሰው ይመለስ ይሆን ብላ ፈርታ ነው። ፈገግ የምትለውም ከመጨረሻው ባቡር እሱ እንዳልወረደ ስታይ ነው። እፎይ ብላ ነው የሳቀችው!

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ፊልሙ የተወሰደበትን መጽሐፍ ፈልጋ አነበበች። ይባስ ብሎ እዚያ ሴትዮዋ ጣቢያ የሚባል ነገር ረግጣ አታውቅም፤ ኩሽናዋ ውስጥ ድንች እየላጠች ታሪኩ ያልቃል። ለካ ፊልም ሠሪውም የራሱን ጨምሮበታል። ይሄ ትንሽ አጽናናት። አስተማሪዎቿ ስለ መጻሕፍትና ስለ ፊልም ካስተማሯት ሁሉ ይልቅ ያቺ ድንች ሆዷ ውስጥ ቀረች። አባቷን በስልክ ስታገኘው ግን አፏ ይተሳሰራል።

«ያ ፊልማችን እዚያም ይታያል?» ይላታል።

«ይታያል አባዬ።»

«እና ምን ይላሉ?»

«ጥሩ ነው ይላሉ።»

«አላልኩሽም!» ይልና ይስቃል። በደወለ ቁጥር ይጠይቃታል፤ በጠየቃት ቁጥር ጭንቅ ይላታል።

እንግዶቹ ጋብ ሲሉ እናቷን ተከትላ ኩሽና ገባች። ብርጭቆ ስታለቀልቅ የነበረችው ጎረቤታቸው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ትሪውን ይዛ እስክትወጣ ጠበቀች።

«እማዬ፣ የማታውን ነገር ተዉት በያቸው።»

«ለምን ሲባል? ቋንቋውን ተምረሽ የለ እንዴ?»

«እሱ ነው ችግሩ!» አለችና ፍርጥ አደረገችው። «አባዬ ቋንቋውን አያውቅም ነበር። ከራሱ እየፈጠረ ነው ሲነግረን የኖረው። ሰውየው አይመጣም፣ እማዬ። እንዳልዋሽ ሰው ፊት ነው፤ እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ አባዬን ሞቶ እንኳ ማዋረድ ነው።»

እናትዮዋ ትክ ብላ አየቻት። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅቷ «ወይኔ፣ አስለቀስኳት!» ብላ ስትደነግጥ፣ እናትዮዋ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ፤ ያውም እንግዳ እንዳይሰማ በሻሽ የታፈነች።

«አይ የኔ ሞኝ! አባትሽ ቋንቋ ከየት ያመጣል? ከጎማ ውስጥ?»

«ታውቂ ነበር?»

«የማያውቅ ማን አለ! አናጢውን ጠይቂው። መጀመሪያ ሲያየው ሴትዮዋ የሰውየው ሚስት ነበረች፣ ሌላ ጊዜ እህቱ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ አማቱ። ‹አማትማ ፈገግ ብላ አትጠብቅም፣ እዚህ ጋ እንኳ ዋሽተሃል!› ብሎ ተጣልቶታል እኮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁት?»

እናትዮዋ ሳቋንም እንባዋንም አንድ ላይ ጠረገች። «መጀመሪያ ያሳየው ጊዜ የልብስ ሰፊዋ ባል ለሥራ ብሎ ወጥቶ ድምጹ ጠፍቶ ነበር። እሷ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አባትሽ ቴሌቪዥኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ‹መጣ!› አለ። ባልየውማ በዚያው ቀረ። እሷም ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ግን ‹ነገም ድገመው› ያለችው ራሷ ናት።»

ልጅቷ የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘፍ አለች። «እኔ እኮ እንዳያፍር ብዬ ነው ያልነገርኩት።»

«እሱንም ያውቃል! የሄድሽ ዕለት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አለቀልኝ፣ ልጄ ቋንቋውን ልትማር ነው፣ ጉዴ ሊፈላ ነው!› በስልክ የሚጠይቅሽ እኮ ሊያስለፈልፍሽ ነበር። ስልኩን ሲዘጋ ‹አየሻት? ዛሬም ገበናዬን ሸፈነችልኝ› እያለ ሲስቅ ያመሻል። ኮርቶብሽ ነው የሞተው። በይ አሁን ትምህርትሽን ተመልሰሽ ጨርሺ፤ ለእኔ ብለሽ እንዳትቀሪ።»

ልጅቷ ያኔ አለቀሰች። ከመጣች ጀምሮ ስታለቅስ ነበር፤ ይሄኛው ለቅሶ ግን ደረቷ ላይ ተጭኖ የከረመውን ሁሉ ይዞት ወጣ። ስትጨርስ ቅልል አላት፤ እፎይ አለች፤ ራባትም።

አመሻሹ ላይ ያቺ ክፍል ተከፈተች። እንደ ወትሮዋ ጎማና ሙጫ ትሸታለች። አናጢው «ዛሬ ደግሞ አማቱ እንዳታደርጊያት!» አለ ከኋላ፤ ሰው ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ቦታዋን ያዘች፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ልጅቷ የአባቷ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ልብስ ሰፊዋ ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«የኔ ልጅ» አለቻት በሹክሹክታ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ዛሬ እውነቱን ብትነግሪኝም አይከፋኝም።»

«እውነቱን ሌላ ቀን፣ ለእርስዎ ብቻ እነግርዎታለሁ» አለች ልጅቷ። «እሱም ደስ ይላል።»

«ዛሬስ?»

ቴሌቪዥኑ በራ። ባቡሩ ጮኸ። ሰውየው ሻንጣውን አንስቶ መናገር ጀመረ፤ የሚለው ሁሉ፣ እያንዳንዷ ቃል፣ ገባት። ልጅቷ እጇን ሰደድ አድርጋ ድምጹን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።