ከአንደኛው ጉድጓድ እስከ ሁለተኛው

ፋርማሲስቱ አፉን ይዞ የሚያውቅ ሰው አይደለም። ጠዋት ነጭ ጋውኑን ካጠለቀበት ሰዓት ጀምሮ መድኃኒት ቤቱን እስኪዘጋ ድረስ ይናገራል። «ከምግብ በኋላ ነው»፣ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»፣ «ይቺን ከወሰዱ መኪና አይንዱ»። ደንበኛው ባይጠይቅም ይናገራል፤ ደንበኛው በር በሩን እያየም ይናገራል። «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ነገር ሲያበዛ!» እያለ የሚያማው ብዙ ነው፤ የሚያማውም ሰው ቢሆን ልጁ ሲታመምበት ሌላ ቤት አይሄድም። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን፣ መናገር በሚገባው ቦታ ላይ፣ ዝም ያለው። ለዚያውም በእህቱ ባል ላይ።

የእህቱ ባል ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። ፋርማሲስቱ ጋሼ ይለዋል፤ እኛም ጋሼ እንበለው። እናትና አባት ሲሞቱ ፋርማሲስቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ታላቅ እህቱ፣ እትዬ፣ ስታገባ እሱንም ከጓዟ ጋር ይዛው ገባች። ጋሼ አንድም ቀን ፊቱን አላጠቆረበትም። አሳደገው፣ አስተማረው፣ በእረፍት ቀኑም ወደ ጎልፍ ሜዳ እየወሰደ የዱላ አያያዝ አሳየው። «ብሎን አይደለም እኮ፣ ምን ያጠባብቅሃል!» ይለው ነበር።

ልጁ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ከአስተማሪው በለጠ። ጋሼ ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለክለቡ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሦስቴም ተሸነፈ። የክለቡ ሰዎች ደግሞ ምሕረት አያውቁም፤ «ምክትል» የሚል ስም አወጡለት። «ምክትል፣ ዛሬስ እንዴት ውለሃል?» ሲሉት አብሯቸው ይስቃል። ምን ያድርግ! ቤቱ ሲገባ ግን እንደማይስቅ ፋርማሲስቱ ያውቃል፤ እዚያው ቤት አድጎ የለ።

ዘንድሮ ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ሆኑ። ጋሼ በወሩ መጨረሻ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሊደረግ ቀጠሮ ይዟል፤ ሐኪሙም «በእግርህ ከሄድክ ተመስገን በል፣ ጎልፉን ግን እርሳው» ብሎታል። ከዚህ ወዲያ ሌላ ፍጻሜ የለውም ማለት ነው። ይህን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ውድድሩ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ኳሱን በጥቂት ምት ያስገባ ያንን ጉድጓድ ያሸንፋል፤ ከአሥራ ስምንቱ ብዙ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ጨዋታው ሚዛን እንዲኖረው ደግሞ ደከም ላለው ተጫዋች ከባድ በተባሉት ጉድጓዶች ላይ አንድ አንድ ምት ይቀነስለታል፤ የትኞቹ እንደሆኑ እንዲታወቅም የውጤት መመዝገቢያው ካርድ ላይ ነጥብ ይደረግባቸዋል። ለጋሼ ስድስት ነጥብ ተደርጎለታል። ከስድስቱ አንዱ አንደኛው ጉድጓድ ላይ ነው።

አምስት ጉድጓድ ሲቀር ፋርማሲስቱ በሦስት ይመራ ነበር። ሰው በልቡ የምስጋና ንግግር ማዘጋጀት የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ እሱም ጀመረ። «ይህንን ዋንጫ ላስተማረኝ ሰው…» የሚለው ጋ ሲደርስ ኳሷን ውኃ ውስጥ ከተታት። ቀጥሎ አንዷን ከዛፍ ሥር ለማውጣት ሦስት ጊዜ ደበደባት። ጋሼ እያነከሰ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው። አሥራ ስምንተኛው ላይ እኩል ሆኑ። በረንዳው ላይ የተቀመጡት የክለቡ ሰዎች ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ያጨበጨቡት ለጋሼ ነበር። ፋርማሲስቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ።

እኩል ከተወጣ ወደ አንደኛው ጉድጓድ ተመልሶ፣ አንዱ እስኪያሸንፍ ድረስ መቀጠል ነው። ሁለቱ ብቻቸውን ሄዱ። እንዲህ ባለ የአማተሮች ውድድር ዳኛ የሚባል ነገር የለም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው ዳኞቹ።

መነሻው ላይ ጋሼ ጓንቱን እየሳበ፣ «እንግዲህ አሥራ ስምንቱ አለቀ፣ ምጽዋቱም አበቃ። አሁን እኩል ለእኩል ነን» አለ።

ምጽዋት ያለው ቅናሹን ነው። ቅናሹ ግን አላበቃም። የውድድሩ ደንብ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ አራተኛው አንቀጽ በተጨማሪ ጉድጓዶችም ቅናሹ በካርዱ መሠረት ይቀጥላል ይላል። ጋሼ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት እኩል ከወጡ የሚለያዩት ያለ ቅናሽ ስለሆነ እዚህም እንደዚያ መስሎታል። ሰሌዳ የሚባል ነገር አንብቦ አያውቅም። ፋርማሲስቱ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ካየ ሳያነብ አያልፍም።

«እ…» አለ ፋርማሲስቱ።

ያ «እ…» ምን ማለት እንደነበረ እስከ ዛሬ ራሱም አያውቀውም። በልቡ ግን ፈጥኖ «አልጠየቀኝም እኮ» አለ። ደንቡም ቢሆን የራስህን ቅናሽ የማወቅ ግዴታ የራስህ ነው ይላል። ደግሞስ መጀመሪያ እንጫወት፣ ምናልባት ነገሩ ጭራሽ አያስፈልግ ይሆናል።

አስፈለገ። ፋርማሲስቱ በአራት ምት ጨረሰ። ጋሼ ሦስት መትቶ ኳሱን ጉድጓዱ ወዳለበት፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ወደተላጨው ግሪን አደረሳት፤ ሆኖም ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። ጎንበስ ብሎ መንገዷን አጠና፣ ጉልበቱን ይዞ ተነሣ፣ ገፋ አደረጋት። ኳሷ ተንከባለለች፤ አፉ ላይ ስትደርስ ያመነታች መሰለች፤ ገባች።

አራት። ከአራት አንድ ሲቀነስ፣ ሦስት። ጋሼ ዋንጫ በላ።

«ገባች! አየሃት አይደል? ገና አልሞትንም!» ብሎ ሳቀ ጋሼ። እኩል የሆኑ መስሎት ነው። ኳሷን ከጉድጓዱ መንጭቆ አወጣና «ና፣ ና፣ ሳልቀዘቅዝ!» እያለ ወደ ሁለተኛው መነሻ መንገድ ጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አሸንፎ፣ ማሸነፉን የሚያውቀው ከጎኑ የሚሄደው ሰው ብቻ ነበር።

ከአንደኛው ግሪን እስከ ሁለተኛው መነሻ ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። አራተኛው አንቀጽ ሥር አንዲት መስመር አለች፤ የቅናሽ ስሕተት ቢፈጠር የሚታረመው በቀጣዩ ጉድጓድ ኳስ እስኪመታ ድረስ ብቻ ነው፣ ከተመታ ያለፈው አለፈ ትላለች። ፋርማሲስቱ መስመሯን ከነነጠላ ሰረዟ ያስታውሳታል።

ጋሼ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተደገፈበት። «ታውቃለህ፣ ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን እስካሁን ይቺ ጉልበት ጥላኝ ነበር። ካንተ ጋር ስለሆነ ነው» አለው።

«ጋሼ» አለ ፋርማሲስቱ።

«ምነው?»

በረንዳው ከሩቅ ይታያል። ሰዎቹ አልተቀመጡም። በሦስት ጉድጓድ ሲመራ ቆይቶ በአንድ እግሩ በሚያነክስ ሽማግሌ ተሸነፈ ሊሉት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሊሉት ነው።

«ምንም። ቀስ በል፣ ድንጋይ አለ» አለው።

ድንጋዩማ ነበረ። ይህ ሰው ከተናገረ እውነቱን ነው የሚናገረው።

ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ቀድሞ መቺው ፋርማሲስቱ ነበር። መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ጋሼ ግን ደክሞት ስለነበር ኳሱ አሸዋ ውስጥ ገባች፣ ከዚያ ለማውጣት ሁለት ምት ፈጀበት፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ። ኮፍያውን አውልቆ ፋርማሲስቱን እቅፍ አደረገው። በረንዳው ላይ ሲደርሱ አንዱ «ምክትል፣ ሹመትህ ጸናልህ!» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሼም ሳቀና «ማን ያስተማረው መሰላችሁ?» አለ። ፋርማሲስቱ ንግግር አላደረገም። «አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ዋንጫው ቤት አልገባም፤ መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሰነበተ። በማግሥቱ መድኃኒት ቤት አንዲት ሴት ለሳል ሽሮፕ ስትመጣ አወሳሰዱን ሦስት ጊዜ ነገራት። አራተኛውን ሲጀምር «ገብቶኛል አልኩህ እኮ!» ብላ ተቆጣች። በሦስተኛው ቀን ሥራውን ጥሎ ወደ ክለቡ ጸሐፊ ሄደ። ጸሐፊው አንቀጽ አራትን በጣቱ እየተከተለ አነበበና «ሁለተኛው ላይ ኳስ ተመቷል? ተመቷል። በቃ፣ ውጤቱ የጸና ነው» አለው። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አጽናናው። «ደግሞስ አንተ ምን አጠፋህ?» ፋርማሲስቱን ከሁሉ ይልቅ ያሳመመው ይኼ ማጽናናት ነበር። ቢቀጣው፣ ቢያባርረው፣ ቢሰድበው ምን ነበረበት!

በእረፍት ቀኑ ወደ ጋሼ ቤት ሄደ። ጋሼ ጓሮ፣ የመሣሪያ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ መፍቻዎቹን በዘይት ጨርቅ እየወለወለ በየቁጥራቸው ይሰቅላል። ፋርማሲስቱ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገረው። ነጥቡን፣ አንቀጹን፣ ሰማንያውን እርምጃ፣ «ምንም» ያለውን።

ጋሼ መወልወሉን አቆመ።

«አንደኛው ላይ?»

«አንደኛው ላይ።»

«ያችን ረጅሟን ሳስገባ?»

«አዎ።»

«አሸንፌ ነበር?»

«አሸንፈህ ነበር፣ ጋሼ።»

የጋሼ ፊት ፍክት አለ። ለአንድ አፍታ ነው፤ ጉልበቱም ዕድሜውም የተረሳው መሰለ። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ብትነግረኝ ኳሷን እንደዚያ ተጣድፌ አላወጣትም ነበር» አለ። «ትንሽ እቆም ነበር።»

ፋርማሲስቱ እንባው መጣ። አፍሮ ሊጠርገው አልቻለም። «ዋንጫው መኪናው ውስጥ ነው፣ አምጥቼዋለሁ። ለክለቡም ለሁሉም እናገራለሁ። አሁኑኑ ገብቼ ለእትዬም…»

«ለእሷ እንዳትነግራት!»

ጋሼ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገረው በሠላሳ ምናምን ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

«ለሌላው የፈለግከውን በል። ዋንጫውንም ክለቡ ይወቅበት። የኔን መሸነፍ እሷ ለምዳዋለች፤ ግድ የላትም። ያንተን ይሄን ግን አትችለውም። እጇ ላይ ነው ያደግከው።»

ፋርማሲስቱ ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ዞረ።

«ሻምፒዮናችን መጣ እንዴ? ምነው ድምፅህን አጠፋህ?» አለች እትዬ ከማድ ቤቱ መስኮት። «ኑ ግቡ፣ ሻይ ተቀድቷል።»

ጋሼ ጨርቁን አንሥቶ በንጹሑ በኩል ሰጠው። ፋርማሲስቱ ፊቱን ጠረገና ተከትሎት ገባ። እትዬ ጉንጩን ስማ አስቀመጠችው፤ ለጎረቤቱ ሁሉ እንዳወራች፣ እናታቸው ኖራ ብታየው ምን ያህል ደስ እንደሚላት ነገረችው። ሻዩን አቀረበችለትና ከፊቱ ተቀመጠች።

«እስቲ አንተ ንገረኝ፤ እሱማ ሲሸነፍ አያወራ። እንዴት አድርገህ ነው ያሸነፍከው?»

ፋርማሲስቱ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። ጋሼ ስኳሩን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል፣ «ጥሩ ተጫውቶ ነዋ» ብሎ መለሰላት።