ቤንዚን የሚበላው ነፋስ

ጠብታ ዳገት አይወድም። ዳገት የሚወድ ሾፌር የት አለ ይባል ይሆናል፤ የእሱ ጥላቻ ግን የደመኛ ነው። ዳገቱ ገና ከሩቅ ብቅ ሲል ፊቱ ይከስላል፣ ትከሻው ይሰበሰባል፣ እግሩ ነዳጅ መስጫው ላይ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስላል። ከኋላው የተኮለኮለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ሲያንባርቅበት እሱ ዓይኑን ከመሪው በላይ ካለችው ትንሽ የመለኪያ መስታወት አይነቅልም። እዚያ ቁጥር አለ። መኪናው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚናገር ቁጥር።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። ሥራው የሱቆችን ሚዛን እየዞረ መመርመር ነው፤ ሥጋ ሻጩ በአውራ ጣቱ ሚዛኑን ደገፍ ሲያደርግ በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያገለገለ፣ በቤንዚንና በባትሪ የሚሄድ ሃይብሪድ መኪና ገዝቶ፣ ስለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ሲያወራ ባልደረቦቹ «ጠብታ» አሉት። ጸደቀ።

ነገሩ ግን ስስት አልነበረም። ነዳጅ በራሽን ነው፤ ለአንድ መኪና በሳምንት ሃያ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ቢለምኑም ቢያለቅሱም የለም። የእናቱ ሁለት ኩላሊቶች ደግሞ ተማክረው ሥራ ለቀዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደሟ በማሽን መታጠብ አለበት፤ ማሽኑ ያለው ስድሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ደርሶ መልስ ሦስት ጊዜ፣ ሦስት መቶ ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር። ጠብታ ይህን ሂሳብ ከገዛ ልደቱ ቀን በላይ ያውቀዋል። መኪናው በሊትር አሥራ ዘጠኝ ከሄደ ዓርብ አለ። ከዚያ ከወረደ ዓርብ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ቁጥሩ ሃያ ሁለት ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። ጠብታም መንገዱን ሙሉ እናቱን ያስተምራል። እሷ እግሯ ስለሚያብጥ የኋላውን ወንበር ለብቻዋ ይዛ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ቡናማ የሱፍ ሻርፗን ተጠቅልላ ትሰማዋለች።

«ፍሬን ስይዝ የሚባክነውን ኃይል ባትሪው ይሰበስበዋል፣ እማ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጭራሽ ይተኛል።»

«ታድሎ። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።»

«ማሞቂያ ይበላል። ማቀዝቀዣ ይበላል። መስኮት መክፈት እንኳ ይበላል፤ ነፋሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።»

«መተንፈስስ?»

«ምን?»

«ኋላ ተቀምጦ የሚተነፍስ ሰው ይበላል ወይ ብዬ ነው።»

ጠብታ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ማሞቂያው ግን በዚያው ጠፍቶ ቀረ።

ብርዱ ሲገባ ቁጥሩ መንሸራተት ጀመረ። ሃያ አንድ፣ ሃያ፣ አሥራ ዘጠኝ ተኩል። ጠብታ ጦርነት አወጀ። ክሪኩን አወጣ፣ ስኮርታ ጎማውን አወጣ፣ ምንጣፉን ገፈፈ። ጎማዎቹን እንደ ድንጋይ እስኪጠጥሩ ነፋ። በስድሳ እየነዳ፣ ነፋስ እንዲከልልለት የጭነት መኪና ጭራ ስር እየተለጠፈ ሄደ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ያልደረሰ በሽተኛ አልጋው ለተጠባባቂ ስለሚሰጥ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ሆነ።

ብርዱ በገባ ሰሞን አንድ ማለዳ እናቱን ሲደግፍ አንገቷ ባዶ ሆኖ አየው።

«ሻርፕሽስ?»

«ከበደኝ፣ ተውኩት።»

ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም፣ አለ በልቡ። ሚዛን መርማሪ ነውና ልቡ ሳይጠየቅ ይመዝናል። ደስም አለው። ያቺን ደስታ በኋላ ብዙ ቀን እያነሳ አይቷታል።

ልብስ ሰፊ የሆነችው ታላቅ እህቱ እሁድ እሁድ ስትመጣ ታበሽቀዋለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም? ሴትዮዋን እንደ ዓሣ አቀዝቅዘህ ነው እንዴ የምታደርሳት?»

«አንቺ መኪና አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያውስ።»

እናትየው ከትራሷ ላይ ሆና «ተዉት ልጄን፣ ያውቅበታል» አለች። ይህን ስትል አፏ ጥግ ላይ አንዲት የተደበቀች ፈገግታ ነበረች። ጠብታ ልብ አላላትም።

ብርዱ በገባ በሁለተኛው ወር መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ፣ ቁጥሩ አሥራ ስምንት ሲል ጠብታ ከበርሜል ሥር የሚቀር ጭላጭ ታቅፎ እንደሚሄድ ሰው ሆነ። የመጨረሻው ዳገት ወገብ ላይ ቀይ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን በራ። ከዚያ የመለኪያው መስታወት ላይ ያለው መብራት ሁሉ በራ። መኪናው አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ቆመ።

ጡብ የጫነ መኪና አሳፍሯቸው ሆስፒታል ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ነርሷ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «አልጋው ተሰጥቷል፣ ሰኞ ኑ» አለች።

«ሰኞ እኮ ሦስት ቀን ነው።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። የቀን ስም አልጠፋብኝም።»

ቅዳሜ የእናቱ ፊት ተነፋ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት በሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች፤ እህትየው አጠገቧ ሆነች። ጠብታ ደግሞ በገመድ አስጎትቶት የነበረውን መኪና ሊያይ ወደ መካኒኩ ሄደ።

መካኒኩ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ወንበሩ ጎን ያለውን ፕላስቲክ ፈታ። ከዚያ እጁን ሰደደ።

«ይሄን ባትሪ ማነው ያነቀው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ባትሪው ሲሞቅ በዚች ቀዳዳ አየር ይስባል፤ አፍንጫው ናት። አፍንጫህን ወትፈው ዳገት ሩጥ ቢሉህ ትሮጣለህ?» አለና ጎተተ። ቡናማ የሱፍ ሻርፕ ወጣ። ዝም ብሎ የተጎሰጎሰ አይደለም፤ በአራት ተጣጥፎ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ ሥራ በሚያውቅ እጅ የተወተፈ ነው። «አቧራውን እየው። ሁለት ወር አያንሰውም። ቁጥርህን የበላው ብርዱ አይደለም፣ ይሄ ነው።»

ጠብታ ሻርፑን ተቀበለ። በእጁ መዘነው። ከሁለት መቶ ሃምሳ ግራም በላይ ነበር።

ቤት ሲገባ እናቱ ነቅታለች። እህቱ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች።

«ተሠራ?»

«እየተሠራ ነው።»

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቆጣ።» ትንፋሿን ጠበቀችው። «ከጎኔ አንዲት ነፋስ ነበረች፤ ቀዳዳ ውስጥ ሆና ታጉረመርማለች። አንተ ይሄም ይበላል፣ ያም ይበላል ስትል ይቺን የረሳሃት መሰለኝ። ሾፌር ኋላውን በምን ያያል? በሻርፔ ወተፍኳት። ልነግርህ ስል፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል እነግረዋለሁ እያልኩ ቆየሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ጠቀመ?»

ጠብታ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሚዛንህ ይዋሻል ሲል የኖረ ነው። አሁን የገዛ አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ አሳረፈ።

«ጠቀመ፣ እማ። እሱ ባይኖር ድሮ ቆመን ነበር።»

«እንግዲያው ጭነት ብቻ አልነበርኩም» አለች፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

እሁድ ጠዋት መካኒኩን ለመነው። የተጎዱትን የባትሪ ክፍሎች ሲቀይር ከወንበሩ ሥር፣ በማትደርስበት በኩል፣ ባትሪው የሚተነፍስበት ሌላ ቀዳዳ እንዲከፍትለት።

መካኒኩ ራሱን አከከ። «ሴትዮዋን አይወትፉ ማለት አይቀልም?»

«አይቀልም።»

ሰኞ ሻርፑ ታጥቦ ተሰጣት። መኪናው ገና ሳይነሳ ጣቶቿ ቀዳዳዋን ሲዳብሱ፣ ሲያጣጥፉ፣ ሲወትፉ በኋላ ማያ መስታወት አየ። ቁጥሩ ሃያ አንድ ሆነ። ጠብታ ማሞቂያውን ከፈተ።

«አይበላም?»

«አንቺ ያዳንሽውን ነው የሚበላው።»

የተዘለለችው ዓርብ ግን ሥራዋን ሠርታ ሄዳለች። የተጠራቀመው ውሃ ልቧን ጎድቶታል አለ ሐኪሙ፣ ሚዛኑ ትክክል ነው እንደሚል ሰው ድምፁን ሳይቀይር። ጠብታ የቱ ቁጥር የት ላይ እንደተሳሳተ አልጠየቀውም። ያውቀዋል። ለእህቱም አልነገራት፤ እሷም መኪናው ስለ ምን እንደቆመ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ስድስት ሳምንት ተመላለሱ። በሰባተኛው፣ ረቡዕ ቀን፣ ማሽኑ እየዞረ የእናቱ ልብ ቆመ።

አስከሬኑን የሆስፒታሉ መኪና ከእህቱ ጋር ይዞ ቀደመ። ጠብታ ብቻውን ተከተለ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው፤ ሻርፑ ቀዳዳው ውስጥ እንደተወተፈ ነው። ዳገቱን ቁልቁል ወርዶ ሲጨርስ ዓይኑ በልማድ ወደ መለኪያዋ መስታወት ሄደ። ሃያ አራት ነጥብ ሁለት። መኪናው በእድሜው እዚህ ደርሶ አያውቅም።

ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። አራቱንም መስኮት አወረደ። የጭነት መኪናዎቹን ሁሉ እየቀደመ፣ ነዳጅ መስጫውን ወለል ድረስ ረገጠው። ሃያ ሦስት። ሃያ ሁለት። ሃያ። ከኋላ ሻርፑ በነፋሱ ጫፉ እየተርገበገበ ነበር፤ አልወጣም።

የቤቱ በር ላይ ሲቆም ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ነው። ሰዎች እየተሰበሰቡ ነበር። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠና፣ ራሱን መከልከል ስላልቻለ፣ አሰላው። ሰባት ሊትር ገደማ ቀርቷል።

ለዓርብ ይበቃል።