ዊልፍ ከዘንጉ በታች

ወንድሜ ዊልፍ መርዘሙን ማቆም አልቻለም። ችግራችን ይኸው ነው። ሌላ ቤት ልጅ ሲረዝም ደስ ይላቸዋል። እኛ ቤት ግን ከገና ወዲህ ዊልፍ በበር ጎንበስ ብሎ ባለፈ ቁጥር አባዬ ያላየ መስሎ ፊቱን ያዞራል።

ዊልፍ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ካርት የምትባለውን፣ ከሣር ማጨጃ በትንሹ የምትሻል የእሽቅድምድም መኪና ሲነዳ ኖሯል። የቤተሰቡ ቅዳሜና እሁድ በሙሉ በዮርክሻየርና በሊንከንሻየር ጭቃ ውስጥ አለቀ። እኔማ የልደት ኬኬን ጎማ ላይ ተቀምጬ መብላት ለምጃለሁ። ግን ልጁ ይችላል፤ ወንድሜ ስለሆነ አይደለም የምለው፣ ወንድሜ ስለሆነማ ባልለው ደስ ይለኝ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሌሎቹ እንደ ሳሙና እየተሙለጨለጩ ሣር ላይ ሲወጡ፣ እሱ በመሃላቸው ሹልክ ብሎ ያልፋል።

ዘንድሮ ሚስተር ፓርጌተር የሚባል የእሽቅድምድም ቡድን ባለቤት አየውና ለሙከራ ጠራው። ካርት አይደለም፣ እውነተኛው መኪና፤ አንድ ሰው ብቻ የሚይዘው፣ ጎማዎቹ ከውጭ የሆኑት። ሰውየው ከቤተሰቡ ገንዘብ ሳይቀበል ዓመቱን ሙሉ የሚያስነዳው አንድ ልጅ ይፈልጋል። የጠራው ግን ሁለት ነው፤ ዊልፍንና ሉዶ የሚባል፣ ሰሪ ከሚባለው የደቡብ እንግሊዝ አውራጃ የመጣ ልጅ። ሉዶ በቁመት እኔ ትከሻ ላይ ነው የሚደርሰው። አባዬ የሉዶን አጫጭር እግሮች በቅናት ሲያይ ሁለቴ ይዤዋለሁ።

አባዬ ጣሪያ ሠሪ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚከፍለው እንደሌለው እኔም ዊልፍም እናውቃለን። ይህ ቦታ ካመለጠ ዊልፍ የሚነዳው የአባዬን ቫን ብቻ ነው።

ሙከራው ድሮ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ በነበረው ሜዳ ላይ ነበር። ነፋሱ ሻይህን ከኩባያው ውስጥ ይነጥቅሃል። መጀመሪያ መቀመጫ ይሠራል። የነዚህ መኪኖች መቀመጫ ተገዝቶ አይመጣም፤ በራስህ ገላ ነው የሚቀረጸው። ሹፌሩ ባዶው መኪና ውስጥ ይገባና ከጀርባው ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ይደረጋል። ከዚያ መካኒኳ ጂል ሁለት ፈሳሽ ቀላቅላ ፌስታሉ ውስጥ ትገለብጣለች። ፈሳሹ ይሞቃል፣ ፎም ሆኖ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ጀርባህንና ወገብህን ዙሪያውን ይሞላና ይደርቃል። እስኪደርቅ ንቅንቅ የለም። በምን ዓይነት አቀማመጥ ላይ እንደደረሰብህ፣ እንደዚያው ትቀራለህ።

ሕጉ ደግሞ አንድ ነው። ከሹፌሩ ኋላ ካለው የብረት ቅስት እስከ መኪናው አፍንጫ ድረስ ቀጥ ያለ ዘንግ ይጋደማል። ሄልሜትህ ከዘንጉ በታች ከሆነ ትነዳለህ። ከነካው አትነዳም። መኪናው ቢገለበጥ መሬቱን መንካት ያለበት ብረቱ እንጂ ጭንቅላትህ ስላልሆነ፣ ማንንም መለማመጥ አይቻልም።

ሉዶ ገባ፣ ተቀረጸ፣ ወጣ። በዘንጉና በሄልሜቱ መሃል ድመት መተኛት ትችል ነበር።

የዊልፍ ተራ ሲደርስ እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ጂል ፈሳሹን ስትገለብጥ ወገቡን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ወደ ታች ሲሰምጥ አየሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ገፋ። ጉልበቶቹ ተጣጥፈው መሪው ሥር ገቡ፤ አገጩ ደረቱ ላይ ተለጠፈ። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ።

ጂል አየችውና “አትነቃነቅ ነው ያልኩህ እንጂ አትተንፍስ አላልኩህም፣ የኔ ቆንጆ” አለችው።

እኔም ዝም አልልም። “ዊልፍ፣ ኬኩ በስሏል ወይስ በሹካ እንውጋው?” አልኩት።

“ሃቲ፣ ዝም በይ” አለ በጥርሱ መሃል። ከዚያ አየኝ። የሚለምን ዓይን ነበር።

ፎሙ ደረቀ። ዘንጉ ተጋደመ። በሄልሜቱና በዘንጉ መሃል የጂል አንድ ጣት አለፈች። ሚስተር ፓርጌተር ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያምሩ ነበር። ዊልፍ ከሉዶ ፈጠነ፣ ከዚያም ከራሱ ፈጠነ። ሰዓት የያዘችው ጂል ቅንድቧን ለፓርጌተር ከፍ አደረገችለት። አባዬ ግን አልሳቀም። አጥሩን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር።

ቀጥሎ መኪናው መዘግየት ጀመረ። ብዙ አይደለም፤ ኩርባዎቹ ላይ ብቻ። ቀድሞ የሚረግጠውን ፍሬን አሁን ዘግይቶ ይረግጠዋል፤ መሪውን ሲያዞር ግማሽ ላይ ገታ ይላል። ገባኝ። መሪው ጉልበቶቹን እየመታ ነው። እግሮቹም እንደዚያ ተጣጥፈው ደንዝዘዋል። የማይሰማውን እግር ነው ፍሬን ላይ እያደረገ ያለው።

እዚህ መኪና ውስጥ ሬዲዮ የለም። ብጮህ አይሰማኝም። ለፓርጌተር ብነግረው ያስቆመዋል፣ መቀመጫውን ያስፈርሳል፣ ዘንጉን ያስጋድማል፤ ያ ደግሞ መጨረሻው ነው። ካልነገርኩት ደግሞ በደነዘዘ እግር መንዳቱን ይቀጥላል። የአባዬን እጅጌ ሳብኩ።

“አባዬ፣ ፎሙ ሲደርቅ ሰምጦ ነበር የተቀመጠው። እግሩ አይሰማውም።”

“አይቻለሁ” አለ አባዬ፣ ዓይኑን ከትራኩ ሳያነሳ።

“መቼ?”

“ሲሰምጥ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

“ምን ልበለው ሃቲ? ቀና በል ልበለው?”

አጠገቡ ቆምኩና እኔም አጥሩን ያዝኩ። መኪናው ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም እግራችንን መሬቱ ላይ እንረግጣለን፣ ፍሬኑ እኛ ጋ ያለ ይመስል።

የመጨረሻው ኩርባ ላይ ጭራሹን አልረገጠውም። መኪናው ቀጥ ብሎ ጠጠሩ ውስጥ ገባና አቧራ አስነሥቶ ቆመ። አልተገለበጠም፣ ምንም አልተሰበረም። ግን ዊልፍ አልወጣም። አባዬ አጥሩን ዘሎ ሮጠ፤ እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሲደርስ ዊልፍ “ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ” ይላል፣ መውጣት ግን አቃተው። አባዬና ጂል ብብቱን ይዘው ስበው አወጡት። እግሮቹ እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠለጠሉ።

ሚስተር ፓርጌተር ዘግየት ብሎ መጣ። የዊልፍን መቀመጫ ከመኪናው ነቅሎ አወጣና አገላብጦ አየው። የወገቡ ጉድጓድ መሆን ካለበት ቦታ በጣም ወደ ፊት ሄዷል። ሰውየው ስንት ልጅ እንዳስቀረጸ እንጃ፣ ግን አንድ ጊዜ አይቶ ገባው። መኪናው ተጎትቶ ሲመለስ ዊልፍን ያለ ፎሙ እንዲገባና እንደ ሰው እንዲቀመጥ ጠየቀው። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ቢሆን እኔም የምመልሰው አላጣም ነበር።

ዊልፍ ገባ። ቀና ብሎ ተቀመጠ። ጂል ዘንጉን አጋደመችው፤ ዘንጉም ሄልሜቱ ላይ አረፈ። እንደ ልጆች ሚዛን ጨዋታ ወዲያና ወዲህ አለ። ማንም አልሳቀም። ሉዶ እንኳ ጫማውን ያይ ነበር።

“ዕድሜህ ስንት ነው?” አለው ፓርጌተር።

“አሥራ አምስት፣ ሰር። ኅዳር ላይ አሥራ ስድስት።”

ፓርጌተር ቀና ብሎ አባዬን አየው። ከጫማው ጀምሮ እስከ ኮፍያው ድረስ፣ ብዙ መንገድ ነው። ከዚያ ዘንጉን ራሱ አነሣው።

“መንዳቱንስ ትችላለህ” አለው። “መኪናውን ግን እኔ አልሠራሁትም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ላሰፋው ብል ከውድድር ያስወጡኛል።”

“ትንሽ ዝቅ ብል…” አለ ዊልፍ።

“ዝቅ ብለህ አየንህ፣ የኔ ልጅ።”

ወደ ቤት ስንመለስ ዊልፍ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከመሣሪያ ሣጥኖቹ ጋ ከኋላ። ማንም ሬዲዮ አልከፈተም። የቆርቆሮ ሰማይና የጎመን ማሳ ብቻ። ዊልፍ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ጠየቀ።

“አባዬ፣ አንተ ማደግ ያቆምከው መቼ ነው?”

አባዬ ማርሽ ቀየረ። መቀየር የሚያስፈልገው ቦታ አልነበረም።

“እናትህን ሳገባ እንኳ ገና አላቆምኩም ነበር” አለ፣ “የሠርጌ ሱሪ በፋሲካ ተለክቶልኝ ነበር። ነሐሴ ላይ ስለብሰው ካልሲዬ ይታይ ነበር።”