አባ ያልቆረጠሙት ሽምብራ

«እምዬ፣ አባ የማይበሉት ጾመው ነው ወይስ ታመው?»

የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ናት የጠየቀችኝ። ምን ልበላት? አባ ገብረ መስቀል ታናሽ ወንድሜ ናቸው፤ ጣና ውስጥ ወንድ ብቻ ከሚገባባቸው ገዳማት በአንዱ ይኖራሉ። የዚያን ዕለት ማለዳ ለገዳሙ ጧፍ ሊገዙ ወደ ባሕር ዳር ተሻግረው፣ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆም ብለው ሄዱ። ይግቡ ብላቸው እምቢ፣ ውኃ ልስጥዎ ብላቸው እምቢ። ፍልሰታ ነው። መነኮሳቱ ሱባዔ ይዘው፣ በቀን አንድ ጭብጥ የተነከረ ሽምብራ ቆርጥመው የሚውሉበት ጊዜ ነው። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ አንድ እጃቸውን ከሆዳቸው ላይ አያነሡም። እኔ ደግሞ ያን አይቼ መስጋት ሲገባኝ፣ ለጎረቤቴ ለፅጌ ማርያም «የኔ ወንድም እኮ ውኃ እንኳ አይቀምስም!» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት።

«ጾመው ነው» አልኋት ልጅቱን። «አሁን ሂጂና ልብስሽን አስተካክዪ።»

ጥያቄዋ ግን ከሆዴ አልወጣም።

በማግስቱ ልጄ ውዴ፣ ባሏ ግሩምና ቃልኪዳን ለዕረፍት ሐዋሳ ሊሄዱ ነበር። ግሩም ፋብሪካ ነው የሚሠራው። የዓመት ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር «ማሽን ቆሟል» እየተባለ ስንት ክረምት አለፈው። ዘንድሮ ሲፈቀድለት ጊዜ ሳይሰጥ አውሮፕላኑንም፣ የሐይቅ ዳር ማረፊያውንም ቀድሞ ከፈለ።

«ሐይቅ ዳር ቤት ያለው ሰው ሐይቅ ለማየት በአውሮፕላን ይሄዳል?» ብዬ ብጠይቀው፣

«እማማ፣ የጣናው ሐይቅ አለቃዬን ያስታውሰኛል» ብሎ ሳቀብኝ።

«እሺ ይሁን፤ ብቻ በጾም ዓሣ እንዳታበላብኝ ልጄን!»

የዚያኑ ዕለት ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። አምባቸው ነው፤ ለገዳሙ ዕቃ የሚያመላልሰው ጀልበኛ።

«እማማ የብርጓል፣ አይደንግጡ» አለኝ።

እኔን እንደዚህ ቃል የሚያስደነግጠኝ የለም። «ሞተ?» አልሁ።

«ኧረ አልሞቱም! ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ደጋግሞ ያስመልሳቸዋል። አባቶች ጸበል እየረጩ ይጸልዩላቸዋል። ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ብላቸው ‹ሱባዔዬን ሳልፈጽም ከበዓቴ አልወጣም› አሉ። ወንድ ዘመድ ይላኩ፤ የኔን ቃል አይሰሙም። ግን ዛሬውኑ ይሁን፣ እማማ።»

ወንድ ዘመድ ከየት ላምጣ? ባለቤቴ ካረፈ ቆየ። ወንድ ልጅ አልወለድሁ። እኔ ሴት ነኝ፤ ያን መሬት አልረግጥ። በቤቱ ያለ ወንድ ግሩም ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሳሎን መሐል ተቀምጦ፣ የቃልኪዳን የመዋኛ ጎማ አየር ይይዝ እንደሆነ ሊሞክር ይነፋል፤ ዓይኑ እስኪቀላ ይነፋል። ደስ ብሎታል። ያን ደስታ በየትኛው አፌ ላፍርሰው? ነጠላዬን አነሣሁ። ወደቡ ድረስ ሄጄ፣ ያገኘሁትን መንገደኛ ወንድ እግሩ ላይ ወድቄ እለምናለሁ ብዬ ነው።

«በዚህ ዝናብ ወዴት ነው፣ እማማ?» አለ ግሩም።

«ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ።»

«ውሸቷን ነው» አለች ቃልኪዳን። «የአባ ሆድ ተነፍቷል። የእምዬ ስልክ እኮ እየጮኸ ነው የሚያወራው።»

ግሩም ጎማውን ከአፉ አወጣ። ጎማው ፊሽሽ እያለ ተነፈሰ። እሱ ውዴን አያት፤ ውዴ በር ላይ የተደረደረውን ሻንጣ አየች። ከዚያ «የእናቴ ወንድም ነው» አለች ቀስ ብላ። ግሩም ስልኩን አንሥቶ ጉዞውን ሊያስቀር የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ደወለ።

«ጉዞው ነገ እኮ ነው» አለች ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ። «የተከፈለው ላይመለስ ይችላል። ምክንያቱን ልመዝግብ፤ የታማሚው ሙሉ ስም?»

«አባ ገብረ መስቀል።»

«የአባት ስም?»

«መነኩሴ ናቸው፣ እህቴ። የአባት ስም ትተዋል።»

«ሲስተሙ ያለ አባት ስም አያሳልፈኝም።»

«እንግዲያው የኔን አባት ስም ጻፊላቸው!» አለና ዘጋው። ቃልኪዳን ከንፈሯን ጣለች፤ ልታለቅስ ነው። እኔም «ግሩሜ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ…» ብዬ ስጀምር አላስጨረሰኝም።

«እማማ፣ ጫማዎን ያድርጉ።»

ጣና ያን ቀን ጭቃ መስሎ ይናወጣል። አምባቸው ሞተሩን እያስጓራ ከደሴቱ ወደብ አደረሰን። ግሩም ዘሎ ወርዶ በቡና ዛፎቹ መሐል ወደ ላይ ወጣ። እኔ ከጀልባው ቀረሁ፤ የሴት ድንበሩ እዚያው ነው። ድንጋዩ በእጄ ይደረሳል፤ መርገጥ ግን አልችልም። እዚያ ሆኜ ያላሰብሁት ክፉ ነገር የለም። እምቢ ቢልስ? ይህ ሰው ልጅ ሳለም እንዲሁ ነበር። አንድ ጠዋት ለማንም ትንፍሽ ሳይል ከቤት ወጥቶ ነው የመነነው፤ እናታችን ክረምቱን ሙሉ ደጅ ደጁን ስታይ ከረመች። አሁንስ ሳይናገረኝ ቢሄድብኝ?

በመጨረሻ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸና ግሩም ብቅ አለ። አባን አዝሏቸዋል።

«አውርደኝ! ሱባዔዬን አታስፈታኝ!» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሕፃን ሰልሏል።

«ገድሉ!» ብዬ ጮኽሁ። ከመነኮሱ ወዲህ በልጅነት ስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። «ገድሉ፣ አርፈህ ታዘል!»

አባ ክርክሩን ትተው የግሩምን አንገት አቀፉ። አምባቸው ሳቁን ሊደብቅ ወደ ሞተሩ ዞረ።

ራሳቸውን ጭኔ ላይ አስደግፌ፣ «ምን ብለህ አወጣሃቸው?» አልሁት ግሩምን።

«እኔ ምንም አላልኩም። መደባቸው ሥር የየቀኑ ሽምብራ በቅል ተጠራቅሞ አየሁ። አንዷንም አልነኳትም፤ ጎንቁሏል። ለአበምኔቱ ወስጄ አሳየኋቸው። እሳቸውም መጥተው የአባን ሆድ ዳሰስ አደረጉና ‹ይህ ጾም አይደለም፣ ሕመም ነው። ሱባዔውን ፈትቼለታለሁ፣ ውሰደው› አሉኝ።»

ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው፣ አንጀታቸው ተጠማዞ ኖሯል። ወዲያው ቀዶ ጥገና ገቡ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቆመን፣ እኔ የማውቀውን የመልክእ ጸሎት ሁሉ እያደበላለቅሁ ስደግም፣ ሐኪሙ ወጣና «ደርሳችኋል። ለነገ ብታሳድሯቸው እንጃ» አለን። ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብዬ ተቀመጥሁ። ሳቀች ሲሉኝ አለቅሳለሁ፣ አለቀሰች ሲሉኝ እስቃለሁ። ግሩም ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ «እማማ፣ ይኼውና ዕረፍት ወጣን» አለኝ።

ከሐኪም ቤት ሲወጡ ወደኛ አመጣናቸው። ውዴ መኝታ ቤቷን ለቀቀችላቸው። ስፌቱ እንዳያማቸው ከጀርባቸው የምናስደግፈው ትራስ ሁሉ አልመች ሲል፣ ቃልኪዳን ያን ጎማ ነፍታ አመጣች።

«የሐዋሳ ጎማዬ ነው። አበድሬዎት ነው እንጂ አልሰጠሁዎትም።»

«ታዲያ እኔ ሐዋሳ ደረስሁ ማለት ነዋ!» አሉ አባ። ሊስቁ ሲሉ ስፌታቸው ያዛቸው።

የማረፊያውን ቤት ለጥር አዛወሩልን፤ የአውሮፕላኑ ገንዘብ ግን ቀለጠ። ግሩም ከሰዓት ከሰዓት ቃልኪዳንን ይዞ ጣና ዳር ይቀመጣል። አለቃው ትዝ ይለው እንደሆነ ብጠይቀው «ማን ነው እሱ?» አለኝ። እኔ ግን ጭንቀቴ መልኩን ለወጠ እንጂ አልተወኝም። አባ «ልሂድ» ባሉ ቁጥር «እስኪ ምግብ ይርጋልዎ» እላለሁ። ከሳህናቸው የሚተርፈውን እያየሁ «አልበሉም፣ የትም አይሄዱም» እላለሁ። 

አንድ ማለዳ የአጃ ሾርባና ዳቦ አቅርቤላቸው፣ ጭማሪ ልቀዳ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ አልጋው ተነጥፏል። ጎማው ትራሱ ላይ ተቀምጧል፤ ጎማው መሐል ሳህኑ አለ። ሳህኑ እንደታጠበ ተጠርጓል፤ ቁራሽ ዳቦ እንኳ አልተረፈም።

ቃልኪዳን መስኮቱ ላይ ተለጥፋለች። «እምዬ፣ አባ እየወጡ ነው! ልጥራቸው?»

አፌን ከፍቼ ነበር። ግቢው ውስጥ አየኋቸው፤ ማንም ሳይደግፋቸው፣ እጃቸው ከሆዳቸው ላይ ወርዶ፣ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ።

«ተያቸው» አልሁ።

አባ የግቢውን በር ቀስ አድርገው ከፈቱ፤ መቀርቀሪያው ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ።